ጋሽ አይተንፍሱና ምስሯ

እናት አባታቸው ያወጡላቸውን ስም የሚያስታውሰው የሆስፒታሉ ፋይል ብቻ ነው። ለቀረው ሰው ሁሉ ጋሽ አይተንፍሱ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ክፍል ቁጥር አራት ውስጥ ራጅ ሲያነሱ፣ በቀን ሠላሳ አርባ ጊዜ፣ «አገጭዎን እዚህ ያሳርፉ፣ ትከሻዎን ወደፊት፣ አይተንፍሱ!» ሲሉ ኖረው ቃሉ አፋቸው ላይ ተጣብቆ ቀረ። ልጃቸው የተመረቀች ዕለት ፎቶ አንሺው ዘግይቶ ካሜራውን እሳቸው ያዙ። ዘመድ አዝማዱ ተሰልፎ ፈገግ ሲል፣ ሳያስቡት «አይተንፍሱ!» ብለው ጮኹበት። ፎቶው ዛሬም ሳሎን ተሰቅሏል። አሥራ አራት ሰው ጉንጩን ነፍቶ ዓይኑን አፍጥጧል፤ ተመራቂዋም መሀል ላይ ውሃ ውስጥ የተነከረች መስላለች። ባለቤታቸው እንግዳ በመጣ ቁጥር ፎቶውን በመጋረጃው ጫፍ ይሸፍኑታል።

የጋሽ አይተንፍሱ ሥራ ራጅ ማንሳት እንጂ ማንበብ አይደለም። ማንበብ የሐኪም ነው። ይህንን የተማሩት ገና ሦስተኛ ዓመታቸውን ሳይደፍኑ፣ በቁጣ ነው። የአንዲት እመቤት ፊልም አላምር ቢላቸው፣ ኮሪደሩ ላይ ጠብቀው «እመቤት፣ ይሄ ነገር አልጣመኝም፣ ዛሬውኑ ሐኪም ይይዎት» አሏቸው። እመቤቲቱ እዚያው ተዘረሩ። ግርግሩ ሲበርድ አስተዳደሩ ደብዳቤ ጻፈ፦ ሁለተኛ ስለ በሽተኛ ሕመም ትንፍሽ ካሉ ከሥራ ይሰናበታሉ። የደብዳቤው ርዕስ «የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ» ይላል። የመጀመሪያው መቼ እንደደረሳቸው ግን እስካሁን ነጋሪ አላገኙም።

ከዚያ በኋላ አፋቸውን ያዙ። ዓይናቸውን ግን ማን ይይዘዋል? በሽተኛው የቀድሞ ፊልም ይዞ ከመጣ፣ አሮጌውን ከአዲሱ ላይ ደርበው፣ አራቱን ማዕዘን በፕላስተር አጣብቀው፣ የፊልም ማያ መብራቱ ላይ ይሰቅሉታል። የጎድን አጥንት በጎድን አጥንት ላይ፣ ልብ በልብ ላይ እስኪገጥም በጣታቸው ጫፍ ያንሸራትቱታል። ያልተለወጠው ሁሉ አንዱ ባንዱ ውስጥ ይሰወርና የተለወጠው ብቻ ብቅ ይላል። ማንም አላስተማራቸውም። ሚስታቸው የልብስ ቅድ ከጨርቅ ላይ ደርበው ሲያስተካክሉ አይተው ነው የጀመሩት።

ሌላም ጥበብ ነበራቸው። እውነተኛውን ራጅ ከማንሳታቸው በፊት ሰውን ሁሉ አንድ ጊዜ ያለማምዱታል። «አይተንፍሱ!» ይሉና በከንፈራቸው ብቻ፣ ድምፅ ሳያሰሙ ይቆጥራሉ። ደህና ሰው ሰባት ይደርሳል። ከአምስት በፊት ትንፋሹ የሚያልቅበት ሲገጥማቸው ግን ልባቸውን ቅር ይለዋል። ምን ዋጋ አለው፣ መናገር አይችሉም። ስለዚህ ከጨረር መከላከያው፣ ካረጀ የእርሳስ ብረት ሽርጥ ጫፍ ላይ ቁራጭ ቆርጠው፣ በመዶሻ ቀጥቅጠው፣ ምስር የምታህል ክብ ነገር ሠሩ። ራጅ እርሳስን አያልፍም፤ ፊልም ላይ ነጭ ነጥብ ሆና ትወጣለች። ትንፋሹ ከአምስት በፊት ያለቀበትን ሰው ሲያነሱ ምስሯን በፕላስተር ከፊልሙ መያዣ ታችኛው ቀኝ ማዕዘን ላይ ለጠፍ ያደርጓታል። ይኸው ነው፤ ከዚያ ወዲያ እሳቸው የሉበትም።

የድሮው ሐኪም በሁለት ሳምንት ውስጥ ገባቸው። ምስር ያለበት ፊልም ሲመጣ ከክምሩ አውጥተው ከላይ ያደርጉታል። ሁለቱ ሰዎች ሃያ ዓመት አብረው ሲሠሩ ስለ ምስሯ አንድም ቀን ተነጋግረው አያውቁም። ሐኪሙ ጡረታ የወጡ ዕለት ብቻ የጋሽ አይተንፍሱን እጅ ይዘው «ዓይንህ ይባረክ» አሉ። ጋሽ አይተንፍሱ ክፍላቸው ገብተው በር ዘግተው አለቀሱ። አዲስ በተተካችው ዶክተር ጊዜም ምስሯ ሥራዋን አላቋረጠችም፤ ዶክተሯ ግን ነጥቧን የአሮጌ ማሽን እንከን ነው ብላ ትታት ነበር።

እንዲህ እያለ ማሽኑ መጣ።

ያመጣው ኢንጂነር ጺሙ በማስመሪያ የተሰመረ፣ ቃላቱም እንደዚያው የተሰመሩ ሰው ነው። ማሽኑ የበሽተኛን አሮጌና አዲስ ምስል አንዱን ባንዱ ላይ ይደርባል፣ ያልተለወጠውን አረንጓዴ፣ ያጠራጠረውን ቀይ ይቀባል፣ ከሥሩም «ሕመም የመኖሩ ዕድል» ብሎ ከመቶ ስንት እንደሆነ ይጽፋል። ጋሽ አይተንፍሱ ሲያዩት ደስ አላቸው። «ይሄ እኮ የኔ ፕላስተር ነው» አሉ። ኢንጂነሩ አልሰማቸውም። በሽታን የሚለየው ምን ምን አይቶ ነው ብለው ሲጠይቁትም «እሱን ራሱ ይማረዋል፣ አባት። አሥራ አንድ ሺህ ፊልም አብልተነዋል» አለ። አሥራ አንድ ሺሁንም ያነሱት እሳቸው ነበሩ፤ ይህንን ግን የጠየቃቸው የለም።

በፈተናው ቀን ማሽኑ ከሌላ መቶ አሮጌ ፊልም ዘጠና ስድስቱን በትክክል ለየ። አስተዳዳሪው አጨበጨበ። ዶክተሯም እፎይ አለች፤ ብቻዋን የምታነበው ክምር ከቁመቷ በልጦ ነበርና። ከእንግዲህ ማሽኑ «ሕመም አለ» ያለውን ያንኑ ዕለት ታየዋለች፤ «ጤነኛ» ያለው ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ ምስሉም ወር ሲያልቅ ይታያል። ክፍል ቁጥር አራት ተዘጋ። አዲሱን ክፍል ጋሽ አይተንፍሱ ራሳቸው ያሠለጠኗት ልጅ ያዘች። እሳቸውን አስተዳዳሪው ትከሻቸውን ቸብ ቸብ አድርጎ «ጡረታዎ አሥራ አራት ወር ነው የቀረው፣ ለምን ይደክማሉ? በር ላይ ያለውን የቦርሳ መፈተሻ ይያዙልን። ያም ራጅ ነው» አላቸው። ምስሯን ከፕላስተሯ ጋር ጠቅልለው ሸሚዝ ኪሳቸው ከተቱና ወደ በር ወረዱ።

በሩ ላይ የመጀመሪያው ሳምንት ሲወራ የሚኖር ነው። ቦርሳ በጎማው ላይ ተንሸራቶ ሲገባ አፋቸው አልታዘዝ ብሎ «አይተንፍሱ!» ይላሉ፤ ሰልፉ በሙሉ ትንፋሹን ይውጣል። የቦርሳውን ባለቤት «ከዚህ በፊት ተነስቶ ያውቃል?» ብለው ይጠይቃሉ። የአንዲት ነርስን ቦርሳ ስክሪን ላይ ካዩ በኋላ ራሳቸውን ነቅንቀው «ችላ ብለሽዋል» አሏት፤ እውነትም ውስጡ የሦስት ቀን ምሳ ዕቃ ነበር። መፈተሻው ከላይና ከጎን የሚያነሳውን አጣምሮ ባንድ ምስል ያሳያል፣ ብረቱን ሰማያዊ፣ የሚበላውን ብርቱካናማ አድርጎ። ምስሉን ወደዱት። ሥራውን አልወደዱትም። ቦርሳ አይስልም፣ ቦርሳ አይፈራም፣ ቦርሳ ተነስቶ ሲያልቅ «እግዜር ይስጥልኝ» አይልም። ሆድ ባሳቸው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ አናጢ መጣ። አርባ ዓመት ቢሆነው ነው። ትከሻው ላይ የተሸከመው ሳጥን ስክሪኑ ላይ ሲታይ መጋዝ፣ መሮ፣ መዶሻና ጣት የሚያክል ምስማር ነው።

«አንተ ሰው፣ ልትታከም ነው ልትገነባን?»

«ሳል ነው ጋሼ፣» አለ አናጢው፣ «ልጆቹ . . . አላስተኛ አልከን . . . ብለው አባረሩኝ።»

አንዷን ዓረፍተ ነገር በሦስት ትንፋሽ ነበር የጨረሳት። ጋሽ አይተንፍሱ ጆሯቸው ቆመ። ሳጥኑን እዚያው አስቀመጡለትና አስገቡት። ከሰዓት በኋላ ጥርሱን እያሳየ ተመለሰ።

«ጤነኛ ነህ አሉኝ! ማሽኑ ነው ያለው። ሁለት ከመቶ!»

«በል እስቲ አንዴ፣ ለጨዋታ ያህል፣ አይተንፍሱ!»

አናጢው ሳቀና ጉንጩን ነፋ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሦስት ላይ ሳል ጉንጩን አፈነዳው። ጋሽ አይተንፍሱ እጃቸው ወደ ኪሳቸው ሄደ። ምስሯ አለች፤ የሚለጥፉበት ፊልም ግን የለም። ደብዳቤው ትዝ አላቸው፤ አሥራ አራቱ ወር ትዝ አላቸው። «ሱቅህ የት ነው?» ብቻ አሉት። ከእንጨት ተራ መግቢያ ላይ ነው አላቸው፣ ሳጥኑን አንስቶ ሄደ። ማሽን ተሳስቶ እኔ ልክ ልሆን ነው እንዴ፣ ብለው ራሳቸውን ገሠጹ። ሳሉ ግን ቤታቸው ድረስ ተከተላቸው፣ እራትም አላስበላቸው።

ወር ሲሞላ የጨረር ሠራተኛ ዓመታዊ ምርመራ ደረሰ። ጋሽ አይተንፍሱም በተራቸው አዲሱ ክፍል ገቡ። ሌላውን ሰው ሁሉ «ሸሚዝዎን ያውልቁ» የምትለው ልጅ መምህሯን ሸሚዝ አውልቅ ማለት አፈረች። እሳቸውም ተማሪያቸው ፊት መገላለጡ ደስ አላላቸውም። ሠላሳ ዓመት ሰውን የአንገት ሐብልና ሳንቲም አውልቁ እያሉ ሲጨቀጭቁ የኖሩት ሰው ከነሸሚዛቸው፣ ከነኪሳቸው ቀጥ ብለው ቆሙ። ልጅቷ በለሆሳስ «አ . . . አይተንፍሱ፣ ጋሼ» አለች። ከዚያ ማሽኑ መልሱን ሰጠ።

ዘጠና ዘጠኝ ከመቶ።

ልጅቷ ዓይኗ እንባ ሞላ። ዶክተሯ ለስብሰባ ወጥታ ነበር። ጋሽ አይተንፍሱ ወረቀቱንና በፊልም የታተመውን ራጅ ተቀብለው፣ እግራቸው መሬት ሳይነካ የሚመስል አካሄድ እየሄዱ ቤታቸው ደረሱ። ለባለቤታቸው በዘዴ ሊነግሩ አስበው ነበር፤ በር ላይ ግን «ዘጠና ዘጠኝ» የሚለው ቃል አመለጣቸው። ከዚያ በኋላ ቤቱ የለቅሶ ቤት ሆነ። ጎረቤት ገባ። ባለቤታቸው «ያ ጨረር በላህ! ተው ብዬህ ነበር!» እያሉ ደረታቸውን መቱ፤ ተው ብለው እንደማያውቁ ሁለቱም ያውቃሉ። የጎረቤቱ ጡረተኛ ደግሞ የሚያጽናና መስሎት «መቶ አለማለቱም አንድ ነገር ነው» አለ።

ልጃቸው ብቻ ለቅሶውን ትታ «አባዬ፣ ግን አንተ ስንት ትቆጥራለህ?» አለች።

ጋሽ አይተንፍሱ ይህንን እንዴት እንደረሱት ገረማቸው። ትንፋሻቸውን ያዙ። ልጃቸው ጮክ ብላ ትቆጥራለች። ሰባት፣ አሥር፣ አሥራ አምስት፣ ሃያ። ሃያ ሦስት ላይ ባለቤታቸው «አሁንስ እዚሁ ልትሞትብኝ ነው!» ብለው ጀርባቸውን በጥፊ አሏቸው።

ጋሽ አይተንፍሱ ወንበር ስበው ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ያለውን ያምናውን ፊልማቸውን አወረዱ። አሮጌውን በአዲሱ ላይ ደርበው፣ መስኮቱ መስታወት ላይ በፕላስተር አጣበቁ። ያልተለወጠው ሁሉ ተሰወረ፤ ሁሉም አልተለወጠም ነበር። ከግራ ጡታቸው በላይ፣ ልክ ኪሳቸው ያለበት ቦታ ላይ ግን አንዲት ነጭ ምስር ታበራለች። እጃቸውን ኪሳቸው ከተው አወጧት። አዩዋት፤ አየቻቸው።

ከዚያ ሳቃቸው መጣ። ሆዳቸውን ይዘው፣ መስኮቱን ተደግፈው ሳቁ። «እኔን አይደለም ያወቀው! ምስሯን ነው! ያ ሁሉ ትምህርት፣ አሥራ አንድ ሺህ ፊልም በልቶ፣ የተማረው ምስሬን ነው!» ጎረቤቶቹ ሕመሙ ወደ ራሳቸው የወጣ መስሏቸው ተያዩ። ሳቁ ግን እንደመጣ ድንገት ቆመ። ፊታቸው ዐመድ መሰለ። ምስር ያለውን ብቻ የሚያውቅ ከሆነ፣ እሳቸው ከወጡ ወዲህ ምስር ያለው ማን ነበር? ማንም። ወሩን ሙሉ ማሽኑ በር የገባውን ሁሉ ጤነኛ ነህ እያለ ሲሸኝ ነበር ማለት ነው። አናጢውን ጭምር።

ባለቤታቸው ሲሰሙ እንባቸውን ጠረጉና «ምስሯን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ ካልክ ያ ደብዳቤ አለ። ያባርሩሃል» አሉ።

«ያባርሩኛል።»

«ሠላሳ ዓመት ሥራህ ገደል ሊገባ ነው?»

«ሰውየው ሦስት ነው የቆጠረው፣» አሉ ጋሽ አይተንፍሱ። «ሦስት።»

ባለቤታቸው ኮታቸውን አምጥተው አለበሷቸው፣ ቁልፉንም እስከ አንገታቸው ቆለፉላቸው።

ዶክተሯ ቢሮ ሲደርሱ አስተዳዳሪውና ኢንጂነሩም እዚያው ነበሩ። ጋሽ አይተንፍሱ ቆመው፣ ላብ በላብ ሆነው፣ ከእመቤቲቱ ጀምረው እስከ መስኮቱ መስታወት ድረስ አንድም ሳያስቀሩ ተናገሩ። ሲጨርሱ ምስሯን ጠረጴዛው ላይ አኖሯት። ኢንጂነሩ ፈገግ አለ። «አባት፣ ይሄ በጣም የተራቀቀ ሥርዓት ነው። በጥራጥሬ አይታለልም።»

«እንሞክረዋ፣» አለች ዶክተሯ።

ሁሉም ልጅቷ ወዳለችበት አዲሱ ክፍል ገቡና መጀመሪያ ኢንጂነሩ ራሱ ቆመ። ያለ ምስር አንድ ከመቶ ወጣ። ምስሯን ማዕዘኑ ላይ ለጥፈው ሲያነሱት ዘጠና ስምንት። ኢንጂነሩ ሳያውቀው ደረቱን ዳበሰ። «አንድ ሰው ማስረጃ አይሆንም» አለ። ጋሽ አይተንፍሱ ቀና ብለው ግራ ቀኙን አዩና ጎን ካለው ከአስተዳዳሪው ቢሮ የወንበሩን ትራስ አምጥተው አቆሙት። ምስሯን ለጠፉ። ከልምድ ብዛት «አይተንፍሱ!» አሉት። ትራሱ ታዘዘ። ማሽኑ ትንሽ አሰበና ትራሱን ቀይ በቀይ አድርጎ ጻፈ፦ ሕመም የመኖሩ ዕድል ዘጠና ሰባት ከመቶ፣ በአስቸኳይ ሐኪም ይየው።

ልጅቷ አፏን በእጇ ይዛ ወደ ግድግዳው ዞረች፤ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል። አስተዳዳሪው ለወትሮው በትራሱ ላይ እንደሚቀመጥ ትዝ ሲለው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠራርጎ «ያም ሆነ ይህ፣ እርስዎ ደብዳቤ አለብዎ። ሃያ ሰባት ዓመት መመሪያ ጥሰዋል። ፋይልዎ—» ሲል ዶክተሯ አቋረጠችው።

«ፋይሉ ይቆየን፣» አለች። ከንፈሯ ገርጥቷል። «ወር ሙሉ ቀይ ጠፋ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር እኮ። የሸኘናቸውን ምስል በሙሉ አምጡልኝ።»

ከሰዓቱን ሙሉ ከጋሽ አይተንፍሱ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠው አዩት፤ አሮጌ ፊልም ላለው እየደረቡ፣ ለሌለው በዓይናቸው እየሄዱ። አስቀድመው ካዩዋቸው፣ በሳል መጥተው ከነበሩት መቶ ሃያ ሰዎች ውስጥ አምስቱን ቶሎ መልሶ መጥራት አስፈለገ። አራቱ በስልክ ተገኙ። አምስተኛው አናጢው ነበር፤ ስልኩ ዝግ ነው። ጋሽ አይተንፍሱ ኮታቸውን እንደለበሱ ወደ እንጨት ተራ ሄዱ። አናጢውን ግማሽ የተላገ በር ላይ ተደግፎ አገኙት፤ ለማረፍ ሳይሆን ለመተንፈስ። በሕይወታቸው ለሁለተኛ ጊዜ ለበሽተኛ ተናገሩ።

«ልጄ፣ ማሽኑ ተሳስቷል። ሳንባህ አልጣመኝም። ዛሬውኑ ከኔ ጋር ትሄዳለህ።»

ይዘረራል ብለው እጃቸውን ዘርግተው ነበር። አናጢው ግን መላጊያውን አስቀመጠና «እኔም እኮ . . . ሁለት ከመቶ . . . አንሶብኝ ነበር» አለ።

ሕመሙ ሲታከም የሚድን ዓይነት ነበር፤ አንድ ወር ተጨምሮ ቢሆን ግን የማይድን ይሆን ነበር። ይህንን ዶክተሯ ናት የተናገረችው፣ አስተዳዳሪው ባለበት፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። ከዚያ በኋላ ስለ ፋይሉ ያነሳ የለም። ኢንጂነሩ ጺሙን ሳያስተካክል ለሁለት ወር ተመላልሶ፣ ከአሥራ አንድ ሺሁ ፊልም ላይ ምስሯን አንድ በአንድ እያስጠፋ፣ ማሽኑን እንደገና አስተማረው። አጠገቡ ጋሽ አይተንፍሱ ተቀምጠው ነበር፤ «አባት» ማለቱን ትቶ «መምህር» ይላቸው ጀመር። በራጅ ማዘዣው ወረቀት ላይም አዲስ መስመር ተጨመረ፦ «የትንፋሽ ቆጠራ»። ክፍል ቁጥር አራት ተከፈተ። ምስሯን ዶክተሯ መሳቢያዋ ውስጥ ቆለፈችባት። «ካሁን በኋላ የሚያሳስብዎ ነገር ካለ በር ከፍተው ይጥሩኝ» አለቻቸው። የመጀመሪያውን ሰው ሲጠሩላት ድምፃቸው ኮሪደሩን አናጋው፤ ሃያ ሰባት ዓመት ተጠራቅሞ ነበር።

ጡረታቸው ሁለት ሳምንት ሲቀረው አናጢው ለመጨረሻ ምርመራ መጣ። ወፍሯል። ሳጥኑን በር ላይ አስቀምጦ፣ ሸሚዙን ሳይነገረው አውልቆ፣ አገጩን አሳረፈ።

«አይተንፍሱ!»

ጋሽ አይተንፍሱ በከንፈራቸው መቁጠር ጀመሩ። ሦስት ላይ ልባቸው ቀጥ አለ። ሦስት አለፈ። አምስት። ሰባት። ሰባትም አለፈ። እንባቸው መነጽራቸውን እያደበዘዘው ቀጠሉ፤ አሥር፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ አምስት። አቁም ማለት ጨርሶ ከሐሳባቸው ወጥቶ ነበር።

ከወዲያ በኩል ፊቱ ቲማቲም የመሰለ ሰው በጥርሶቹ መሀል ጮኸ፦ «ጋሼ! ልተንፍስ ወይስ ልሙት?»

«ተንፍስ! ተንፍስ ልጄ፣ እንደ ልብህ ተንፍስ!»

አናጢው እስኪጠግብ ተነፈሰ። ጋሽ አይተንፍሱም መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ከዚያ ነው በደስታ ብዛት ማንሻውን መጫን እንደረሱት ያስተዋሉት። ይቅርታ ጠይቀው እንደገና አገጩን አስደገፉት።

«ትከሻህን ወደፊት፣» አሉ፣ «አይተንፍሱ!»